የሄርማታዋ ክብርት አስታማሚ

ሆስፒታል ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው ወይ ከሰፈሩ ጋር ተጣልቷል። ለዚህ ይመስለኛል ፈጣሪ በየሰፈሩ አንዳንድ ሴት የመደበልን። ሰው አስነጠሰ ሲባል ሻርፓቸውን አጣፍተው የሚነሱ፣ ካርድ የሚወጣበትን መስኮት የሚያውቁ፣ ዘበኛውን ከነልጆቹ በስም የሚጠሩ፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ሲጠይቅ እሳቸው የሚመልሱ። እናንተም ሰፈር አሉ፣ አትካዱ። የእኛዋ፣ የጅማው ሄርማታ ሰፈር ክብርት፣ አዴ ለጢፋ ናቸው።

ክብርት አዴ ለጢፋ ሆስፒታል ሲሄዱ በአንድ እጃቸው ፔርሙስ፣ በሌላው ፌስታል ነው። ፌስታሉ ውስጥ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ ብርቱካን፣ ምናልባት ካደርን ብለው ደግሞ አንሶላ አለ። ሁሉ የተሰጣቸው ሴት ናቸው፤ ፈጣሪ የነፈጋቸው አንድ ነገር ቢኖር ቀስ ብሎ መናገር ነው። የቆርቆሮ ነጋዴውን የአቶ ሶሬሳን ኪንታሮት ገበያው ሁሉ የሰማው ከእሳቸው ነው። ሰውዬው ላብ እያጠመቀው "አዴ ለጢፋ፣ ማሎ፣ ቀስ ይበሉ!" ብሎ ቢለምናቸው፣ "ምን ያሳፍራል? መቀመጫ የሌለው ሰው አለ?" አሉት። ለሴት በሽታ ደግሞ የታወቀች ንግግር አለቻቸው፦ "ምን ያሳፍራል? ሁላችንም የመጣነው ከዚያው ነው!"

እኔ ታቢታ እባላለሁ። ከሆሳዕና መጥቼ ጅማ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ከአዴ ለጢፋ ጋር አንድ ግድግዳ የምጋራ ሴት ነኝ። በዚያ ግድግዳ የማያልፍ ወሬ የለም።

ዘንድሮ ጤና ጣቢያ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ፣ ሲስተር ጽዮናዊት የምትባል ነርስ "ዕድሜሽ ደርሷል፣ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ እናድርግልሽ" አለችኝ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ነገር ቀብታ አየች፣ መብራቱን አስጠግታ ደግማ አየች። መደጋገሟን አልወደድኩትም።

"ነጭ ምልክት ይታያል" አለችኝ በመጨረሻ። "ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ግን በዓይን የማይታይ ነገር ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ሄደሽ ከቦታው ትንሽ ናሙና ይወሰድ። አደራ፣ እንዳትቀሪ።"

ሌላ ሰው ቢሆን "ካንሰር" የሚለው ቃል ነበር የሚያስደነግጠው። እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥላ "መነሻው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው" ያለችው ነው። ፊቴ ነደደ። ከሞት ይልቅ ሰው ምን ይለኛል የሚለው አሳሰበኝ፤ እንዲህ ነን እኛ። ማታ ለባሌ ለዘርሁን ልነግረው አፌን ከፈትኩና "ሽንኩርት አልቋል" አልኩት። ለቤተ ክርስቲያን እህቶች ብነግር የጸሎት ርዕስ ያደርጉታል፤ የእኛ ኅብረት የጸሎት ርዕስ ደግሞ ቅዳሜ ተነሥቶ እሑድ ሸቤ ከተማ ይገባል። ለአዴ ለጢፋ ብነግር ሸቤ መሄድም አያስፈልገውም፣ ከዚሁ ይሰማል።

ስለዚህ ብልጥ ሆንኩ። ጨርቁም የስፌት መኪናውም በእጄ አይደል? ጥቁር ኒቃብ ለራሴ ሰፋሁ። ሄርማታ ውስጥ የተሸፈነችን ሴት ማን ነሽ የሚላት የለም። ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ከዓይኔ በቀር ሁሉን ሸፍኜ ሆስፒታል ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ፔርሙስ የያዘች ሴት መጥታ ተቀመጠች። አዴ ለጢፋ ናቸው፣ ሌላ ማን ሊሆን! ሌላ በሽተኛ ይዘው መጥተው ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ።"

"ጌታ ይባርክዎ" አልኩ። ልማድ ነው፣ አመለጠኝ።

አዴ ለጢፋ ዓይኔን አዩ፣ ጫማዬን አዩ። ከዚያ ኮሪደሩ እስኪነቃነቅ፣ "ታቢታ! ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ሰለምሽ እንዴ?"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ማሻአላህ!" አሉ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! በሹክሹክታ ጉዳዬን ብነግራቸው "የማህፀን በር ነው?" ብለው ለጅማ ዞን አሳወቁልኝ። "ታዲያ ምን ያሳፍራል? ሁላችንም የመጣነው ከዚያው ነው! አብሽሪ!"

ግን ናሙናው ሲወሰድ እጄን የያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ ያልደፈርኩትን ለዘርሁን የነገሩትም እሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ "ሚስትህ አጠገብ ቁም፣ የምን ማጎንበስ ነው!" አሉት፣ እሱም ቆመ። ውጤት እስኪመጣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን እየደበደቡ "ታቢታ! ደወሉ?" ይሉ ነበር። ደወሉ። ገና የጀመረ ካንሰር ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ወጣልኝ። ሐኪሙ "ብትቆዪ ኖሮ…" ብሎ ጀመረና ተወው።

ባለፈው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። አዴ ለጢፋ ነበሩ። አንኳኩተው አያውቁም፤ እየጠሩኝ ነበር የሚገቡት። የሆነ ነገር አሉ፣ አልሰማኋቸውም። የአዴ ለጢፋ ድምፅ አልሰማ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?

"ያቺ ኒቃብሽ አለች ወይ?" አሉ ደግመው።

"ለማን ነው?"

"ለአንዲት ሴት።" መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ "ደም ይፈሰኛል፣ ታቢታ። የወር አበባዬ ከቆመ ስንት ዘመኑ!"

"ጌታ ሆይ! መቼ ጀመረዎት?"

"አንቺን ስናመላልስ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ያሳፍራላ" አሉኝ።

የዚያን ቀን እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም። እጄን ይዘው "አብሽሪ" ሲሉኝ ደም እየፈሰሳቸው ነበር። ሰፈሩን በሙሉ ያስታመሙ ሴት፣ ከመካከላችን አንድ ሰው "እርስዎስ ደህና ነዎት?" ብሏቸው አያውቅም። ጩኸታቸውን ስንሸሽ ነው የኖርነው።

በማግስቱ አብረን ሄድን። እሳቸው በኒቃቤ ተሸፍነው፣ እኔ ፔርሙሱን ይዤ። ነርሷ ብቅ ብላ "ለጢፋ አባ ፊጣ!" ብላ ጠራች። አልተነቃነቁም። ደግማ ጠራች። "እንሂድ፣ ነገ እንመጣለን" ብለው ክንዴን ጎተቱኝ። ዘበኛው ሳይቀር የሚያውቃቸው ሴት ስማቸውን ካዱ። ነርሷ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ልታልፍ ነው።

ብድግ አልኩ። "እዚህ አሉ! ለማህፀን በር ምርመራ ነው የመጡት! ምን ያሳፍራል? ሁላችንም የመጣነው ከዚያው ነው!"

ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። አዴ ለጢፋ ጎኔን ቆነጠጡኝ፤ እስካሁን ያመኛል። ከዚያ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ኒቃቡን ከፊታቸው ገለጡና "ይሄም ጩኸት ሆኖ! ዘበኛው እንኳ አልሰማሽም" አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ።

ናሙናው ተወስዷል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን የምደበድበው አሁን እኔ ነኝ።

"አዴ ለጢፋ! ደወሉ?"

"ቀስ በይ፣ ማሎ፣ ሰው ይሰማል!" ይሉኛል።

ይስማ።