ባሩድ ላይ ምርቃት

ሚዛን የማያጠግበው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለችው ሱቄ በርበሬ ስለምሸጥ በየቀኑ ይገጥመኛል። ልኩን መዝኜለት «መርቂልኝ እንጂ» ይላል፤ አንድ ማንኪያ ካልጨመርኩ ከሱቁ አይወጣም።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ጋሼ መኮንን ነው። ዌስትቼስተር ሰፈር የሆቴል ሹፌር ነው፣ በእረፍቱ ደግሞ አዳኝ። እጀታውን ቁልቁል ስቦ የሚያቀባብለው አፈ ሰፊ ጠመንጃ አለው፤ ጥይቱንም መመሪያ መጽሐፍ እያየ ኩሽናው ውስጥ ራሱ ይሞላል። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜን ዳዊትን ሊያስተምር ተኩስ መለማመጃ ወሰደን። መጀመሪያ ራሱ ተኮሰ። ከዚያ እጀታው አልከፈት አለ፤ ቀለሁ አብጦ ውስጥ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ባሩዱን ስንት አደረግከው?» አልኩት።

«መጽሐፉ ከፍተኛ የሚለውን ነዋ።»

«ብቻ?»

«ትንሽ... ምርቃት።»

እሺ፣ መርቅልኝ ያለው ማነው? አጋዘኑ? ቀጥሎ ጉንጩን ሊፈነዳ የደረሰ ጠመንጃ ላይ የሚያስደግፈው እኮ ዳዊት ነበር። ሶ የጥይቱን ሳጥን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«አንቺ ደግሞ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሚዛን አውቃለሁ።»

ጠመንጃው ባለሙያ ጋ ሄደ። እሁድ ኩሽናው ውስጥ አናቱ ላይ ቆምኩ፤ እያጉረመረመ የጥይቶቹን እርሳስ አንድ በአንድ ነቅሎ ባሩዱን አራገፈ። ከመጽሐፉ ዝቅተኛ መጠን ጀምሮም እንደ አዲስ መዘነ።

ሰኞ ሱቅ መጣ። በርበሬውን መዘንኩና ልኩ ላይ አቆምኩ። ጋሼ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

«ምነው ጋሼ?»

«ይሄ እንኳን አይፈነዳም» አለና ማንኪያውን አቀበለኝ።