እጩ ወንጌላዊ ማንያህልሻልና ዛፍ ላይ የቀረው ቀራጭ

ለመጀመር የተጠራ፣ ለመጨረስ ግን ገና ያልተጠራ አንድ ሰው የሌለበት የሐበሻ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን የለም። ማይክ ሲሰጡት "ብዙ አልቆይም" ይላል። ይህን ሲል የሰማች፣ ምሳ ጥዳ የመጣች ሴት፣ ምድጃውን አጥፉልኝ ብላ ወደ ቤቷ ብትደውል አይፈረድባትም። "በመጨረሻም" ያለ ጊዜ ደግሞ ገና ግማሽ ላይ መድረሱ ነው።

በአሜሪካ ኦሃዮ፣ የኮሎምበሱ ክቡር እጩ ወንጌላዊ ማንያህልሻል ይባላል። በሳምንት አምስት ቀን ከከተማዋ ዳር፣ ኦቤትስ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ በጎማ ቤትና በፀጉር ቤት መካከል ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ጋሽ ሳህሌ የሚያስተምሩትን የሰባኪዎች ሥልጠና ይከታተላል። ሥልጠናው የአንድ ዓመት ነው። እሱ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

ጋሽ ሳህሌ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በሰዓቱ ያልደረሰ አውቶቡስና በሰዓቱ ከመድረክ ያልወረደ ሰባኪ ለሳቸው አንድ ናቸው። ትምህርታቸውም አጭር ነው፤ ሦስት ነጥብ፣ አንድ ምሳሌ፣ ሃያ ደቂቃ። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ቢጫ ወረቀት፣ በሃያኛው ቀይ ያነሳሉ። ሠልጣኙ ሽማግሌዎች ፊት የሙከራ ስብከት ይሰብክና፣ እሳቸው ከፈረሙለት አለፈ ማለት ነው።

ለማንያህልሻል የተሰጠው ርዕስ፣ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣው የዚያ አጭር ቀራጭ ታሪክ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ነገር ነው። ማንያህልሻል ግን ዛፉን ለማስረዳት ዛፎች ከተፈጠሩበት ከሦስተኛው ቀን ጀመረ። ቢጫው ወረቀት ሲነሳ ዛፉ ገና ቅጠል አላወጣም። "ጋሽ ሳህሌ ቢጫውን አሳይተውኛል፣ ጌታ ይባርካቸው፤ የዘመኑም መጨረሻ እንዲሁ በምልክት እንደሚመጣ አንዘንጋ" ብሎ፣ ስለ ዘመን መጨረሻ ሌላ ሃያ ደቂቃ ጨመረበት። በሃምሳኛው ደቂቃ ማይኩ ሲዘጋበት ቀራጩ ዛፍ ላይ እንደወጣ ቀረ።

ከሁለተኛው ሙከራ በፊት ጋሽ ሳህሌ ለብቻው አስቀምጠው መከሩት። እሺ ጋሼ አላቸው፤ እሺ ማለት ድሮም አይቸግረውም። እውነትም በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲከድን ጋሽ ሳህሌ ደስ ብሏቸው ብዕራቸውን አወጡ። ያኔ "እንጸልይ" አለ። ሕዝቡ ተነስቶ ዓይኑን ጨፈነ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጸሎት አይቋረጥም፤ እየጸለየ ያለ ሰው ይበቃሃል የሚል ሽማግሌ ገና አልተወለደም። ማንያህልሻል ይህን ያውቃል።

"ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ቀራጭ እንደነበረ አንተ ታውቃለህ" ብሎ ጀመረ። "ቀራጭ ማለት ደግሞ፣ ጌታ ሆይ፣ በዚያ ዘመን..."

የተረፈውን ስብከት በሙሉ ለፈጣሪ ማስረዳቱን ተያያዘው። ቀይ ወረቀት ለተጨፈነ ዓይን ምን ይፈይዳል? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ ውባለም አለቀ እያሉ ሦስት ጊዜ "አሜን" ብለው ተቀመጡ፣ ሦስት ጊዜም ተነሱ። ቀራጩ በዚያም ቀን አልወረደም።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንድ የመጨረሻ ሙከራ ፈቀዱለት። ከወደቀ ከሥልጠናው ይወጣና እሑድ እሑድ ፓርኪንግ ያስተናብራል። ጋሽ ሳህሌ እፎይ ማለት ሲገባቸው ነገሩ ከነከናቸው። ሰውየው በአራት ዓመት አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። በረዶ ጥሎ ሌላው ሁሉ የቀረ ዕለት እንኳ አካፋ ይዞ ይመጣና ደጁን ጠርጎ ይጠብቃቸዋል። ከጠረገ በኋላ በርግጥ ስለ በረዶ ይሰብካቸዋል።

በዚህ ላይ ባለቤቱ ፅጌረዳ ደወለችላቸው።

"ጋሼ፣ እዚያ ከከለከላችሁት የት የሚሰብክ ይመስልዎታል?" አለቻቸው። "እኔ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ስጦር ሁለት ፈረቃ ሠርቼ ነው የምገባው። ስለ ጌታ ብለው ያሳልፉት።"

ጋሽ ሳህሌ አወጡ አወረዱና፣ በሕዝብ ፊት ከሚዋረድ በገዛ ፈቃዱ ቢተወው ይሻለዋል አሉ። ይህንኑ ሊመክሩት አንድ ሐሙስ ኦቤትስ ድረስ ነዱ። የምሳ እረፍት ነበር። ማንያህልሻል ከመጋዘኑ ደጅ፣ የእንጨት ጠረጴዛ ከበው ከተቀመጡ አራት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያወራል፤ ጀርባውን ስለሰጠ አላያቸውም። ማውራቱ አልገረማቸውም። የገረማቸው ሰዎቹ መስማታቸው ነው።

የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነበር። የማንያህልሻል እንግሊዝኛ ፎርክሊፍት ለመንዳትና ፒዛ ለማዘዝ ትበቃለች እንጂ፣ ስለ ዛፍ አፈጣጠር ለመተንተን አቅም የላትም። ስለዚህ እያንዳንዷን ቃል እንደ መንገደኛ ስንቅ እየቆጠበ ነው የሚያወጣት። አጭር ሰው ነበር አላቸው። ሀብታም። ማንም አይወደውም። ዛፍ ላይ ወጣ። ከሰዎቹ መካከል አንድ ጢማም አሜሪካዊ ሳንድዊቹን አስቀምጦ፣ አንድም ሰው አይወደውም ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ኖባዲ" አለ ማንያህልሻል። "ባት ጂሰስ ኖው ሂስ ኔም። ሂ ሴይ፣ ካም ዳውን። ቱደይ አይ ካም ዩር ሀውስ።"

ማንም፤ ጌታ ግን ስሙን ያውቃል፤ ውረድ፣ ዛሬ ቤትህ እመጣለሁ አለው ማለቱ ነው። ቀራጩ ወረደ። ጢማሙ ሰውዬ ሳንድዊቹን ሳያነሳ መሬት መሬቱን አየ። የእረፍቱ ደወል ሊደወል ገና ሁለት ደቂቃ ነበረው።

ጋሽ ሳህሌ ሊመክሩት የመጡትን ሳይመክሩት ወደ መኪናቸው ተመለሱ። አራት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲያነሱ የኖሩት ለካ መድኃኒቱ እዚያው ሰውየው አፍ ውስጥ እያለ ነው። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ ሦስተኛው ሙከራ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል፣ አማርኛው ለሚያልፋቸው ልጆቻችን፣ በእንግሊዝኛ ይሁን አሉ። ሽማግሌው ወንድም አሥራት ተቃወሙ።

"በየትኛው እንግሊዝኛው?"

"በዚያችው በትንሿ" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

እሑድ ደረሰና ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተደረደሩ፤ እትዬ ውባለምም ጉዱን ለማየት ተከትለው ገቡ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ማንያህልሻል ላቡን እየጠረገ፣ ቃል ሲያጣ በእጁ ዛፍ እየወጣ ተረከ። "ቱደይ አይ ካም ዩር ሀውስ" ሲል ልጆቹ ሳቁ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሔርሞን ከስልኳ ቀና አለች።

"ዋዝ ሂ ሎንሊ?" ብላ ጠየቀችው፤ ሰውየው ብቸኛ ነበር ወይ ማለቷ ነው።

ጋሽ ሳህሌ ደነገጡ። ለዚህ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ግድብ መክፈት ነው። ማንያህልሻል ግን ጥቂት አሰበ።

"የስ" አላት። "ቬሪ።" አዎ፣ በጣም፤ ሌላ አልጨመረም።

መጽሐፍ ቅዱሱን ከደነ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ጋሽ ሳህሌ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቁት ቶሎ ብለው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙለት።

"እንጸልይ" አለ ማንያህልሻል፣ በአማርኛ። እትዬ ውባለም ጭራሽ አልተነሱም።

"ጌታ ሆይ፣ ቀራጩ እንደወረደ አንተ ታውቃለህ። የወረደበት ዛፍ ደግሞ፣ ጌታ ሆይ..." ብሎ ተነሳና፣ ከዛፉ ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ ኢያሪኮ፣ ከኢያሪኮ ወደ ኦሃዮ ተሻገረ። "ጋሽ ሳህሌንም ባርክ" አለ በመሐሉ። "ሌላው ባለ አውቶቡስ ቢሆን ጥሎኝ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን አራት ዓመት በር ከፍተው ቆመው ጠበቁኝ።"

ጋሽ ሳህሌ ይህን ለፍላፊ ሰው ይወዱታል፤ አሁን ነው ያወቁት። ቀዩን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አጣጥፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንያህልሻል ጸሎት ቶሎ እንዳያልቅባቸው በልባቸው ለመኑ።

ልመናቸው ተሰማ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተጨመረላቸው።