አርባ አንድ እንዴት ተሰለፈ

ቁጥርም እንደ ሰው ጠባይ አለው ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ነው የምናገረው። አርባን ውሰዱ። አርባ የተባረከ ነው፤ ለአራት ቢሉት እሺ፣ ለአምስት ቢሉት እሺ፣ ለስምንት ቢሉት እሺ። አንድ ጨምሩበት፤ ያ ሁሉ ደግነት ብን ይላል። አርባ አንድ ከራሱና ከአንድ በቀር በማንም እኩል አይካፈልም። በግዕዝ ሲጻፍማ ጉዱ ይብሳል፦ ፵፩። አርባው ተኮፍሶ፣ አንዷ ከጎኑ ለብቻዋ። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" ይባል የለ? እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ከአርባ የተረፈችው አንድ ናት።

ነገሩ ነገሌ ቦረና ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ፣ ትልቁም ትንሹም ተደባልቆ፣ አርባ አንድ ነበሩ። የበዓል ሰልፍ ሲደርስ ከጦር ሰፈሩ አንድ ሃምሳ አለቃ ሊያሠለጥናቸው መጣ። ለእሱ ሰልፍ ማለት ረድፉ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። በአምስት ረድፍ ስምንት ስምንት አድርጎ ቢያቆማቸው አንዷ ተረፈች። በአራት ረድፍ አሥር አሥር ቢያደርጋቸው ያችው ተረፈች። በመጨረሻ ትቅር፣ ለከርሞ ትሰለፋለች ብሎ ፈረደ።

የተረፈችው መጨረሻ የተመዘገበችው ሎኮ ነበረች። ለእሷ ደግሞ ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቷ ኦቦ ጂሎ ከከብት ጥበቃ አስትተው ትምህርት ቤት ያስገቧት ከእኔ ጋር ብዙ ተከራክረው ነው። ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች ሲሉኝ፣ በበዓሉ ቀን መጥተው በዓይንዎ ይዩ ብያቸዋለሁ። ሌላው ሲሰለፍ ልጃቸው ዳር ቆማ ካገኟት ይዘዋት ወደ ከብቶቹ እንደሚመለሱ ነግረውኛል። ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

ተናደድኩ። ሃምሳ አለቃው ላይም፣ አፌን ያልሰበሰብኩት እኔ ላይም። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳብሰለስል አንድ ነገር ገባኝ፦ ሁላችንም አርባውን ካቆምን በኋላ ነው ሎኮን የት እናስገባት የምንለው። ለምን ከእሷ አንጀምርም? መሐል ላይ አንድ ነጥብ አደረግኩ። ዙሪያዋን አራት። በዚያ ዙሪያ ስምንት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ ስድስት። ስደምረው አርባ አንድ! ከፊት ሲያዩት አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ እያለ ይሰፋና ደግሞ ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አንድ ብሎ ይጠባል። አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ ብላችሁ እመኑኝ።

ሃምሳ አለቃው "ይሄ ሰልፍ ነው ጥልፍ?" ብሎ አሾፈብኝ። ዙሪያውን ዞሮ አራቱም ጎን እኩል መሆኑን ሲያይ ግን የራሱ ሐሳብ ይመስል ማዘዝ ጀመረ። በበዓሉ ቀን ልጆቹ ሎኮን ከነባንዲራዋ መሐል አድርገው ሜዳውን ሲያቋርጡ ነገሌ በእልልታ ቀለጠች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ምን አለበት? ኦቦ ጂሎ በትራቸውን ይዘው በሕዝቡ መሐል ሰንጥቀው መጡ። አካም፣ ናጋ ከተባባልን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"መምህር፣ ልጄ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናት?"

"መሐል ያለችውን እያዩ፣ ኦቦ ጂሎ?" አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም።

ሰኞ ጠዋት የሎኮን ታናሽ ይዘው ከተፍ አሉ። አርባ ሁለት ሆንን። ሃምሳ አለቃው ለከርሞው ሰልፍ ከአሁኑ ሲደረድራቸው ደስታውን አልቻለውም፤ ስድስት ረድፍ፣ ሰባት ሰባት! ትንሿ ግን እህቷ የቆመችበትን ቦታ ፍለጋ ረድፉን ሁሉ ዞረች። መሐሉ የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አርባ ሁለት ለስንቱ እኩል ይካፈላል፤ ስድስት በሰባት ሲቆም ግን መሐል ላይ ማንም የለም። ቤት የቀሩ ልጆች አሉ ወይ አልኳት። ሦስት አሉ አለችኝ።

አርባ አምስት። አምስት ረድፍ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ፤ መሐልም አለው። ባርኔጣዬን አድርጌ ወደ ኦቦ ጂሎ ቤት ገሰገስኩ።