ዶክተር ኦንጋሮ «መለየት» ሲጀምሩ

እስቲ እዚያ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን ሽማግሌ እዩዋቸው። ሻጯ «ትኩስ ነው» ስላለቻቸው፣ ሰልፉን ሁሉ አስቁመው «ትኩስ» ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዷት እሳቸው ናቸው። ቦነስ አይረስ ውስጥ ሕንፃ ሁሉ አንድ የተበላሸ ሊፍትና አንድ የሕግ ፈላስፋ አለው። ሊፍቱ አንዳንዴ ይጠገናል።

የእኛው ክቡር ዶክተር ኤቫሪስቶ ኦንጋሮ ይባላሉ። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ዳኛ እንዴት ማሰብ እንዳለበት ሦስት ወፋፍራም ጥራዞች ጽፈዋል። እኔ ሕግ የተማርኩት ከጋዜጣና ከጠብ ቢሆንም ሦስቱንም አንብቤያለሁ። መልሱ ገና አልተገኘም።

«ዛሬ ይዘንባል ዶክተር?» ብትሏቸው ጣታቸውን ቀስረው «እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል!» ይላሉ። አንድ እሁድ ሰገነት ላይ ሥጋ ስንጠብስ «በሰለ?» ብዬ ተሳሳትኩ። መለየቱን ሲጨርሱ የበላነው ከሰል ነው። በአንድ ዋንጫ እየተቀባበልን የምንጠጣው ማቴ የሚባል የቅጠል ሻይ እሳቸው እጅ ከገባ ደግሞ አለቀለት፤ እሳቸው ያወራሉ፣ የእኛ ጉሮሮ ይደርቃል።

ባለፈው ወር የሕንፃችን ዘበኛ አቶ ኤርሜሊንዶ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዙሌማ ምድር ቤት ባለችው ክፍል ብቻቸውን ቀሩ። ደንባችን «በዘበኛው ክፍል ዘበኛው ይኖራል» ይላል። አስተዳዳሪው ፔሬይሮ ክፍሏን ለብስክሌት ማቆሚያ ቋምጦ ነበርና ነዋሪውን ለስብሰባ ጠራ።

«እኚህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ደረጃችሁን ጠርገዋል!» ብዬ ጮህኩ። «ለብስክሌት ብላችሁ ሜዳ ላይ ልትጥሏቸው ነው? ትንሽ አታፍሩም?»

«ስሜት ሌላ፣ ደንብ ሌላ» አለ ፔሬይሮ። «ደንቡ ግልጽ ነው። እጅ እናውጣ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ጣት ተቀሰረ። «ግልጽ? እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል!»

«ኧረ በፈጠረዎት ዶክተር፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን!»

መች ሰምተውኝ። ደንቡ ዘበኛው ይኑር አለ እንጂ ሌላ ሰው አይኑር መች አለ? ዝምታ ክልከላ ነው ወይስ ፈቃድ? አንደኛው ጥራዝ አልቆ ሁለተኛው ተጀመረ። ወይዘሮ ዙሌማ መሐረባቸውን ይጨምቃሉ።

«ያሳጥሩት እንጂ!» አልኩ ደሜ ፈልቶ። «እርስዎ ሲፈላሰፉ ሴትዮዋ ቤት አልባ ሊሆኑ ነው!»

የኳስ ጨዋታው ሰዓት ደረሰ። ሁለተኛ ፎቅ ሹልክ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ተከተለ። የፔሬይሮ የገዛ ወንድሙ እንኳ ጃኬቱን አነሣ። ሰው ሲቆጠር፣ ለድምፅ የሚበቃ አልቀረም፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ዶክተሩም፣ ያውም ዐረፍተ ነገር መሃል ላይ፣ ዝም አሉ።

ደረጃው ላይ ያዝኳቸው። «አውቀው ነው አይደል?»

«ወዳጄ» አሉ፣ የወይዘሮ ዙሌማ መብራት እስኪበራ እየጠበቁ፣ «ማወቅንና ማሰብን መለየት ያስፈልጋል።»

ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ቀጣዩ ስብሰባ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ኳስ የለም። ስለዚህ እባካችሁ፣ እናንተ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተሰለፋችሁ፣ እስከዚያ ምንም ነገር አትጠይቋቸው። ጉሮሯቸው ያስፈልገናል።