እህል አልቀምስ ያለው ውሻ

(1973 ዓ.ም.፣ መርሳ። ጓድ ተፈራ ወልድያ ላይ የዐሥራ አምስት ቀን ኮርስ ወስዶ የገበሬ ማኅበሩ የእንስሳት ጤና ኃላፊ ሆኗል። ከቢሮው ወንበር ሳይነሳ፣ ደጃፉ ላይ የተዘረረ ቡላ ውሻ እያየ ረዲ የሚባል ግራና ከምትባል መንደር የመጣ ገበሬን ይቆጣል።)

ተፈራ፦ ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ስጠው አላልኩህም?

ረዲ፦ ብለውኛል። ሳላጓድል ከምግብ በኋላ ነው የሰጠሁት።

ተፈራ፦ ውሻዬ እህል አልቀምስ አለ እያልክ እንዴት ከምግብ በኋላ ትሰጠዋለህ?

ረዲ፦ እኔ እየበላሁ ነዋ። ጠዋት በልቼ አንድ፣ ማታ በልቼ አንድ።

ተፈራ፦ (ብዕሩን አስቀምጦ) መሠረተ ትምህርት ባጠገብህም አላለፈ። ሙቀቱንስ ለካህ?

ረዲ፦ እጄን ጆሮው ሥር አስገብቼ ለካሁ።

ተፈራ፦ ስንት ሆነ?

ረዲ፦ አንድ እጅ።

ተፈራ፦ እንዳንተ ያለው ሰው ውሻ ማሳደር አልነበረበትም።

ረዲ፦ ጓድ ተፈራ፣ እኔ እኮ የመጣሁት፣ ውሻዬን መከታን ጆሮው ሥር ስዳብሰው…

ተፈራ፦ ሲናገሩህ አዳምጥ። እዚሁ ሆኜ አይቼዋለሁ። ዐይኑ ፈዟል። ዝንብ ሲወረው ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። ይሄ ተራ ድካም አይደለም።

ረዲ፦ (ጎንበስ ብሎ የውሻውን ከንፈር እየገለጠ) እውነትዎን ነው፣ ድዱም ነጥቷል። ደሙን ጨርሰውታል።

ተፈራ፦ እነማን?

ረዲ፦ መዥገሮቹ። አንገቱ ሥር እንደ ባቄላ ተደርድረዋል።

ተፈራ፦ ይህን እያየህ ዝም አልክ?

ረዲ፦ ወላሂ አሁን ነው ያየሁት።

ተፈራ፦ ደጅ የሚያድር ውሻ መዥገር ሲጨርሰው ዛሬ ገና ታየህ። ሚስትህስ?

ረዲ፦ ከድጃ ይህን ውሻ ጭራሽ አታውቀውም።

ተፈራ፦ ባል ደንቆሮ፣ ሚስት ዕውር።

ረዲ፦ ቤትዎ ሄጄ ባለቤትዎን ወይዘሮ አበበችን…

ተፈራ፦ አበበችን ከዚህ አታግባት፤ እሷ የቤቷን ታውቃለች። (ወረቀት ስቦ) ይሄ ውሻ አልቆለታል። ዘቡ ይግደለው ብዬ እጽፋለሁ። ባለቤቱም እሑድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል።

ረዲ፦ አይግደሉት። መዥገሩ ከተነቀለለትና ትንሽ ወተት ከቀመሰ ይነሳል።

ተፈራ፦ ኮርስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። (እየጻፈ) «ውሻውን በማስራብና ለመዥገር በመስጠት…» የባለቤቱ ስም?

ረዲ፦ ጓድ ተፈራ።

ተፈራ፦ እኔን መጥራቱን ተውና ስሙን ንገረኝ።

ረዲ፦ ስሙን ነው የነገርኩዎ። የኔ መከታማ ግራና፣ ቤቴ ነው ያለው። መዥገሩን ከነቀልኩለት ወዲህ ትናንት እንጀራ በላ፣ ዛሬ ሰው ያባርራል። ይህንኑ ልነግርዎ ቤትዎ ብሄድ፣ ወይዘሮ አበበች ወደዚህ ላኩኝ። ይሄ ከደጅዎ ተነስቶ ተከተለኝ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተኛብኝ፣ ቆሜ ጠበቅሁት።

(ተፈራ ተነስቶ ደጃፉ ድረስ ሄደ። ውሻው ሲያየው ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ።)

ተፈራ፦ የኔ ውሻ፣ ዳመነ ነው እንዴ?

ረዲ፦ ስሙን አላውቅ። ወይዘሮ አበበች «ከታመመ ሳምንት ሆነው፤ ብነግረው ስብሰባ አለብኝ ይለኛል» ነው ያሉኝ።

ተፈራ፦ (ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ፣ ዝግ ባለ ድምፅ) እና አሁን ምን ይደረግ?

ረዲ፦ መጀመሪያ ጎንበስ ይበሉ። መዥገር ከወንበር ላይ ሆኖ አይነቀልም።