ግራጫው ክር አያልቅም

እትዬ፦ ብርድ ልብስ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ብርድ ልብስ! አንተ ሰው፣ ጭነት መኪና መሰለህ እንዴ በአምስተኛ ማርሽ የምታበረው?

ሾፌሩ፦ ትንሽ ብርድ ልብስ ነው እኮ ያልኩት እትዬ። ለአንድ ጉልበት የምትሆን።

[ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ገና መንፈቁ ነው። ጉልበቷን የታከመች ሚስቱን ልጃቸው ዛሬ ከሆስፒታል ሊያመጣት ሄዷል። ትናንት በስልክ «በእጄ የሠራሁት ነገር ይጠብቅሻል» ብሎ አፉን አምልጦት፣ ይኸው እስካሁን አንድም ነገር አልሠራም። እትዬ የሚስቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሹራብ በመሥራት ያረጁ። ለእህታቸው የሠሩት ግራጫ ሹራብ ጠረጴዛው ሥር ቅርጫት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የተረፈውም ክር ተጠቅልሎ እዚያው ነው።]

እትዬ፦ ስማኝ ዋርሳዬ። ትርፍራፊ ክር ይዞ ትልቅ ነገር መጀመር የለም። ወፍራም መርፌ፣ ትንሽ ሥራ፣ ሳይሰለችህ እጅህ ላይ የሚያልቅ። አሁን ካልሲ ብትጀምር አንዱን እግር ጨርሰህ ክሩ ያልቅብሃል።

ሾፌሩ፦ የታከመችው አንዱን እግር አይደል?

እትዬ፦ ኧረ በፈጠረህ! የጆሮ መሸፈኛ ሥራ። አራት ጣት ስፋት፣ ራሷን የሚዞር ርዝመት፤ ጫፍና ጫፉን ሰፍተህ ተገላገልክ።

ሾፌሩ፦ ጆሮዋ ደህና ነው እኮ።

እትዬ፦ አንተን ሠላሳ ዓመት የሰማ ጆሮ እንዴት ብሎ ደህና ይሆናል? እንካ፣ ብርቱካንማውን ክር ያዝ። መርፌው ላይ አሥራ ሁለት ቀለበት ጀምሬልሃለሁ። እኔ ጎንህ ሆኜ ከግራጫው ኮፍያ ልሥራላት፤ ከሹራቧ ጋር ይገጥምላታል።

ሾፌሩ፦ ሹራቡ አለቀ ማለት ነው?

እትዬ፦ አለቀ፤ የክሩን ጫፍ ግን አልቋጨሁትም። ባለቤቱ ለብሶ ርዝመቱን ሳላይ ጫፍ አልቋጭም። ሙያ ማለት ይሄ ነው።

[ሳያዩ እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ሰደው የግራጫ ክር ጫፍ ይዘው ወጡ። መርፌዎቹ መንጫጨት ጀመሩ።]

ሾፌሩ፦ እትዬ፣ አንድ ቀለበት ወደቀብኝ።

እትዬ፦ አንሳዋ!

ሾፌሩ፦ [ወለሉን እያየ] ወዴት ሄዶ ይሆን?

እትዬ፦ ከመርፌው ነው የወደቀው! አምጣው... ይኸው። ዓይንህን ሥራህ ላይ አድርግ።

ሾፌሩ፦ እሺ። ግን የእርስዎ ክር ለምንድን ነው እንዲህ የሚጠማዘዘው? ልክ እንደ ተፈታ ሹሩባ።

እትዬ፦ የሱፍ ጠባይ ነው። ጥሩ ሱፍ ይጠማዘዛል።

ሾፌሩ፦ የኔ ቀጥ ያለ ነው።

እትዬ፦ እንደ ሠሪው ነው። አሁን ዝም ብለህ ሥራ።

[ሾፌሩ አራት መስመር ሠራ፤ ሁለቱን አበላሽቶ ፈታቸው። ከጠረጴዛው ሥር ኮሽታ ሰማ።]

ሾፌሩ፦ እትዬ፣ ቅርጫቱ ተንቀሳቀሰ።

እትዬ፦ ድመቷ ናት።

ሾፌሩ፦ ድመቷ መስኮቱ ላይ ተኝታለች።

እትዬ፦ እንግዲያው የጎረቤት ድመት ናት! ሚስትህ ልትደርስ ምን ቀራት፣ አንተ ድመት ትቆጥራለህ!

ሾፌሩ፦ ግራጫው ጥቅል ደግሞ ከጀመሩ ጀምሮ አልዞረም። አልቀነሰምም።

እትዬ፦ ክር ከጥቅሉ ሆድ ነው የሚወጣው፤ ከላይ አይታወቅም። መገመት የሚችል እጅ የያዘው ክር አያልቅም፤ ይሄን ልብ በል። [መርፌውን ወርውረው] ይኸው! ኮፍያ ማለት ይሄ ነው! በል ወርደህ ክሩን ከጥቅሉ ጋ ቁረጥልኝ።

[ሾፌሩ መቀስ ይዞ፣ ክሩን በጣቱ እየተከተለ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ቆየ።]

እትዬ፦ ምነው ጠፋህ?

ሾፌሩ፦ ክሩ ጥቅሉ ጋ አይሄድም።

እትዬ፦ ታዲያ የት ይሄዳል?

ሾፌሩ፦ የእህትዎ ወገብ ላይ። ማለቴ... ወገብ የነበረበት ላይ።

[ሹራቡን ይዞ ወጣ። አንገቱ አለ፤ እጅጌዎቹ አሉ። ከደረት በታች ግን ባዶ አየር ነው።]

እትዬ፦ ወይ ጉዴ! ወይ እኔን! የሹራቡን ፎቶ ለነርሶቹ ሁሉ አሳይታለች እኮ! «ቤቴ ስገባ እህቴ የሠራችልኝን ነው የምለብሰው» ብላለች!

ሾፌሩ፦ ስለ ድመቷ ነግሬዎት ነበር።

[ውጭ መኪና ቆመ። በሩ ተዘጋ። ሾፌሩ ቢለካው የጆሮ መሸፈኛው አንድ ስንዝር ጎድሎታል፤ ለመሥራት ጊዜ የለም። በሁለቱ ጫፍ ቁራጭ ክር ቋጠረበት፤ ታስሮ ይሞላል።]

እትዬ፦ በምን ዓይኔ ላያት ነው?

ሾፌሩ፦ እኔ ነኝ የተረተርኩት እላታለሁ። እዚህ ቤት የተበላሸ ነገር ሁሉ የኔ ነው፤ አንድ ቢጨመር አያስደንቃትም።

እትዬ፦ ዋርሳዬ... ጅል ያልኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ።

ሾፌሩ፦ መቼ አሉኝ?

እትዬ፦ በሆዴ።

[እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቁ። ሚስት በምርኩዝ ተደግፋ ገባች። ሾፌሩ ብርቱካንማውን ራሷ ላይ አሰረላት።]

ሚስት፦ [እየዳሰሰችው] ጠማማ ነው።

ሾፌሩ፦ አዎ።

ሚስት፦ ሙቀቱ ግን! በእጅህ ነው የሠራኸው?

ሾፌሩ፦ በእጄ።

ሚስት፦ [ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ሹራቡን አየች] እና ይሄስ? ማነው እንዲህ ያደረገው?

ሾፌሩ፦ እኔ ነኝ። ሳላውቅ ተረተርኩት።

ሚስት፦ መቼ?

ሾፌሩ፦ አሁን። በዚህች አንድ ሰዓት።

ሚስት፦ አንተ? በአንድ ሰዓት ይህን ሁሉ? እንዲህ ፈጣን ብትሆን ኖሮማ «አግቢኝ» ለማለት አምስት ዓመት ባልፈጀብህ! [ከመጋረጃው ሥር የእህቷን ጫማ አይታ ወደዚያ ዞራ] እታለም፣ ነይ ውጪ!