እማማ አትንኩና የቆጣሪው ሳጥን

በየሰፈሩ አንዲት «አትንኩ!» ባይ አለች። የሌለችበት ሰፈር ካለ ገና መብራት ያልገባለት መሆን አለበት። አንዳንዱ ጎረቤት ሆና ያገኛታል፣ አንዳንዱ አክስት ሆና ትደርሰዋለች። ጫጩት አስፈልፋዩ ግን ያገኛት በጋብቻ ነው። ሚስቱን ሲያገባ እናቷ አብረው መጡ፤ በገቡ ሳምንት የቆጣሪው ሳጥን የበላይ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። ማን እንደሾማቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሰፈሩ «እማማ አትንኩ» ይላቸዋል። እጁ ሳይደርቅ ወደ ሶኬት የሚጠጋ ሰው ካዩ ጣሪያ የሚያነሳ «አትንካ!» ይለቃሉ። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ቆጣሪው አጠገብ ቢያስደግፍ ከነመሰላሉና ከነባልዲው አባረውት፣ የቤቱ አንድ ጎን ዛሬም አሮጌ ቀለሙን እንደለበሰ ነው። የስልኩን ቻርጀር በፕላስተር ጠጋግኖ የመጣ እንግዳ ደግሞ እሱ ይገባል፣ ቻርጀሩ በር ላይ ይቀራል።

የሚገርመው ክብርት እማማ አትንኩ ስለ ኤሌክትሪክ አያውቁም፤ አለማወቃቸውንም አይደብቁም። «የማላውቀውን ነገር አልነካም። እናንተም ከኔ አትሻሉም» ይላሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አማቹን «የልጄ ባል» እንጂ በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም። እሱ ደግሞ በሆዱ ያዝንላቸዋል። ያለ ምክንያት እንዲህ የሚጮህ ሰው የለም፤ መቼም አንድ የሚወዱት ሰው በኤሌክትሪክ ሞቶባቸዋል ብሎ ደምድሟል። ቁስል መነካካት እንዳይሆንበት ግን ጠይቋቸው አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። የጎረቤት ሁሉ ቦግ ብሎ እያለ የነሱ ብቻ ድርግም አለ። በጓሮው ክፍል የነበረው የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ጉምጉምታውን አቆመ። ጫጩቶቹ በማግስቱ ሊወጡ ነው፤ እንቁላሉ ከቀዘቀዘ ግን ሁሉም እቅርፊታቸው ውስጥ ይቀራሉ። ሰውዬው ደግሞ ተቀጥሮ መሥራቱን ትቶ ያለ የሌለውን ያፈሰሰው እዚያ ማሽን ላይ ነው።

ወደ ቤት ሮጦ ብሬከሮቹን አየ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። የቀረው ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ያለው ዋናው ፊውዝ ነው። ለመብራት ሰዎች ደወለ። «እንመጣለን» አሉት፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገሩትም።

ይህን ጊዜ ጎረቤቱ ፒንሳና ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ይዞ ከተፍ አለ። ይህ ሰው «ሁለት ደቂቃ» ይባላል፤ በሱ አፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚወስድ ሥራ የለም።

«ማሸጊያውን በጥሰን፣ በፊውዙ ቦታ ሽቦ ሰካ ማድረግ ነው። ሁለት ደቂቃ!»

«ብሬከሩን ካጠፋነው መቼም ምንም አያደርገንም» አለ አማቹ፣ ራሱን ለማሳመን።

እማማ አትንኩ በርጩማቸውን እየጎተቱ መጥተው ሳጥኑ ፊት ዘጭ አሉ። ከመብራት ሠራተኛ አንድ ጊዜ የሰሟትን አንዲት ነገር አልረሱም።

«ብሬከሩ የሚያጠፋው ወደ ቤት የሚገባውን ነው። ከምሰሶው የሚመጣውን ማን አጠፋላችሁ?»

«እማማ፣ እባክዎ ይነሱልኝ! እንቁላሉ ሊሞት ነው!»

«ይሙት። እንቁላል ዶሮ ትጥለዋለች። አንተን የምትጥልልኝ ዶሮ አለች?»

ሁለት ደቂቃ በሳቅ ፈረሰ። አማቹ ግን ደሙ ፈልቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት አማቱን ጠልቷቸዋል።

እሳቸው ከበርጩማቸው ሳይነሱ ትእዛዝ ማዝነብ ጀመሩ። «በቁጣህ እንቁላሉ አይሞቅም! ሂድና ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ አልብሰው፤ መተንፈሻውን ብቻ እንዳትደፍን። አንተ ሁለት ደቂቃ፣ ያንን ፒንሳ አስቀምጥና ውሃ አፍላ!» ሁለቱ ሰዎች የፈላውን ውሃ በጠርሙስ እየሞሉ ማሽኑ ውስጥ ደረደሩ፤ ሲቀዘቅዝ ይቀይራሉ። እማማ የለበሱትን ወፍራም ሹራብ ሳይቀር አውልቀው ላኩ። ራሳቸው ግን ንፋሱ እየመታቸው ከሳጥኑ ፊት ንቅንቅ አላሉም።

ቀኑ ሲያዘነብል የመብራት ሠራተኛው መጣ። አሁንም አልተነሱለትም።

«ጓንትህስ?»

«መኪና ውስጥ ነው እማማ።»

«ፊውዙን የሚቀይረው መኪናው ነው እንዴ?»

ሰውዬው ተመልሶ ጓንቱን አጥልቆ መጣ። ሳጥኑን ከፈተ፣ የተቃጠለውን አውጥቶ አዲሱን አስገባ፣ መልሶ አሸገው። ሥራው ጊዜም አልፈጀም።

«አላልኳችሁም? ሁለት ደቂቃ!» አለ ጎረቤት።

«እሱ ሲነካው ሁለት ደቂቃ ነው» አሉ እማማ፣ በርጩማቸውን እያነሱ። «አንተ ብትነካው አሁን ልቅሶ ላይ ነበርን።»

ማሽኑ ጉምጉምታውን ሲጀምር አማቹ ሹራባቸውን ይዞላቸው ሄደ። የዚያን ቀን ደፍሮ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ምን?»

«በኤሌክትሪክ። ማን ነው የሞተብዎት?»

«ኧረ ማንም!» አሉ ሹራቡን እያጠለቁ። «ማንም አልሞተብኝም። ታዲያ ለመጮህ ሰው እስኪሞትብኝ ልጠብቅ?»

አማቹ ስንት ዘመን ሲያዝንላቸው ኖሮ፣ ለካ እሳቸው ሲጮሁ የኖሩት ለሞተ ሰው ሳይሆን እሱን ለመጠበቅ ነው። በማግስቱ ጫጩቶቹ ቅርፊቱን እየበሱ መውጣት ጀመሩ። ያልወጡም አሉ፤ እሱ ግን ስላልወጡት ማማረር አላማረውም።

ብዙም ሳይቆይ ተራው የሁለት ደቂቃ ቤት ሆነ። መብራቱ ድርግም ከማለቱ ከአጥሩ ወዲያ «ኧረ ምንም አይደል፣ ሁለት ደቂቃ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አማቹ ምን እንደነካው አያውቅም፤ በርጩማውን አፈፍ አድርጎ፣ በበሩ ወጥቶ በጎረቤት በር ገብቶ፣ የሰውዬው ቆጣሪ ፊት ዘጭ አለ።

«አትንካ! ፊውዝ በየሱቁ ሞልቷል። አንተን የቱ ሱቅ ይሸጥልናል?»

ሁለት ደቂቃ ፒንሳውን እንደጨበጠ ባለበት ቆመ። ከአጥሩ ማዶ የታወቀው ድምፅ አስተጋባ፦

«ልጄ! ጓንቱን ሳታይ እንዳትነሳ!»

አልተነሳም።